ሳይወርዱ የሚያተርፉበት አውቶቡስ፦ የለንደን ክፍት ጣሪያ የጉብኝት አውቶቡስ ግምገማ

ለንደንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከትልልቆቹ የባቡር ጣቢያዎች ደጃፍ ብቅ ሲል፣ ብዙም ሳይራመድ የጉብኝት አውቶቡስ ትኬት ሻጭ ያገኘዋል። ሻጩ የታጠፈ ካርታ ይዘረጋለታል፤ በካርታው ላይ ባለ ቀለም መስመሮች ከተማዋን እንደ ቀለበት ይዞሯታል። የሚሸጠው ተስፋም በአጭሩ የሚያልቅ ነው፦ በፈለጉት ፌርማታ ይወርዳሉ፣ ጎብኝተው ሲጨርሱ በሚቀጥለው አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ትኬቱ ለ24 ሰዓት ያገለግላል። እኔም በመስከረም ወር ከአክስቴ ጋር ለአራት ቀናት ወደዚያች ከተማ በሄድሁ ጊዜ ይህንኑ ትኬት ገዛሁ። በከተማዋ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ከአንድ በላይ ስለሆኑ፣ መስመሮቻቸውም በአብዛኛው ስለሚደራረቡ፣ የተሳፈርንበትን ድርጅት ስም መጥራት አላስፈለገኝም፤ የምመዝነው አሠራሩን ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ «እየወረዱ እየወጡ ይጎብኙ» ተብሎ የሚሸጠው ይህ አውቶቡስ ዋጋውን የሚያወጣው ሳይወርዱበት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ገደማ፣ በትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ ተሳፈርን። የላይኛው ፎቅ የፊት ክፍል ጣሪያ ነበረው፤ ከመካከል ጀምሮ ያለው ግን ክፍት ነው። አክስቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጠባቡን ደረጃ የወጡት በጭንቅ ነበር፤ ከተቀመጡ በኋላ ግን «እኔ እንግዲህ ከዚህ አልነሣም ልጄ፤ አንተ እየወረድህ ያየኸውን ንገረኝ» አሉ። በሰዓቱ እንደ ቀልድ አለፍሁት። ቀኑ ሲመሽ ግን በዚያ አውቶቡስ ላይ ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ የሚበልጠው ምክር ያ እንደነበር ገባኝ።

ሙሉው ዙር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። ሰዓቱ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን እንግዳ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያገኘውን ነገር በሌላ መንገድ ለማግኘት ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። ስለ ለንደን አስቀድመን የምናውቀው የተነጣጠሉ ፎቶግራፎችን ነው፤ የሰዓቱ ማማ በአንዱ፣ ድልድዩ በሌላው፣ የካቴድራሉ ጉልላት በሦስተኛው ላይ አለ፤ የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሆነ ግን ፎቶግራፍ አይናገርም። ከላይ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ሲዞሩ እነዚህ ምስሎች በየቦታቸው ይገባሉ። የአድሚራል ኔልሰን ሐውልት ከቆመበት አደባባይ እስከ ፓርላማው ሕንፃ ያለው ኋይትሆል የተባለው ጎዳና ከአንድ ኪሎ ሜትር እንደማይበልጥ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዳውኒንግ ስትሪትም በዚያው ጎዳና ጎን እንደሆነ ያየ ሰው፣ በማግሥቱ ለዚያች መንገድ ትራንስፖርት አይፈልግም። ክሪስቶፈር ሬን የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1675 እስከ 1710 የተሠራውና 111 ሜትር የሚረዝመው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል፣ ከፍሊት ስትሪት በኩል ሲመጡ መጀመሪያ በሕንፃዎች መካከል ጉልላቱን ብቻ ያሳያል፤ ከዚያም ዳገቱን ሲወጡ ፊት ለፊት ግጥም ብሎ ይቆማል። ይህን የመሰለ አቀራረብ በምድር ውስጥ ባቡር መጥቶ ከጉድጓድ ብቅ የሚል ሰው አያገኘውም።

ከዙሩ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው አውቶቡሱ ታወር ብሪጅን ሲሻገር ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1894 የተከፈተ ነው፤ ብዙ እንግዳ ለንደን ብሪጅ ይለዋል፣ በዚያ ስም የሚጠራው ግን ትንሽ ወደ ምዕራብ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቀው ተራ የኮንክሪት ድልድይ ነው። ከተሽከርካሪ መስኮት ሲታይ ታወር ብሪጅ ሁለት ግንብ ብቻ ነው፤ ጣሪያ ከሌለው ፎቅ ላይ ሆነው ቀና ሲሉ ግን በሁለቱ ግንቦች መካከል የተዘረጋው የእግር መተላለፊያ በራስዎ ላይ ያልፋል። የመንገዱ አካል ለመርከብ ሲባል በዓመት 800 ጊዜ ያህል ይከፈታል፤ ቀኑና ሰዓቱም አስቀድሞ ለሕዝብ ይገለጻል። አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ቢደርስ መቆሙ አይቀርም፤ እንዲህ ያለውን መቆም ግን መዘግየት ነው ብሎ የሚያማርር ጎብኚ ለምን ከቤቱ እንደወጣ አላውቅም።

ማብራሪያው በሁለት ዓይነት ይቀርባል። አንዱ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ እኛ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ቋንቋዎቹ ብዙ ነበሩ፣ አማርኛ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የተቀዳው ድምፅ ትክክለኛ ነገር ይናገራል፤ ለምሳሌ ቢግ ቤን የሚለው ስም የትልቁ ደወል እንጂ የማማው እንዳልሆነ፣ ማማውም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም እንደሚጠራ በግልጽ አስረድቶናል። ችግሩ የትራፊክ መጨናነቁን አለማወቁ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ድምፁ ዝም ይልና ሙዚቃ ይገባል፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ከኋላ ስለቀረው ሕንፃ መተረኩን ይቀጥላል። ሁለተኛው ዓይነት በአውቶቡሱ ላይ ማይክሮፎን ይዞ የሚናገር አስጎብኚ ነው፤ እርሱ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውን ለሚሰማ ሰው ግን ከተቀዳው እጅግ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዐይኑ ከተሳፋሪው ዐይን ጋር አብሮ ይሄዳል። ትኬት ከመግዛት በፊት በየትኛው መስመር ላይ ሰው እንደሚያስጎበኝ መጠየቅ ይገባል፤ አንድ ድርጅት እንኳ በአንዱ መስመር አስጎብኚ፣ በሌላው የተቀዳ ድምፅ ሊኖረው ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ምስጋና ነው። ዙሩን ጨርሰን አክስቴን ሆቴል አድርሼ ብቻዬን ስመለስ ግን ትኬቱ የሚያመሰግነውን ነገር፣ መውረድና መውጣቱን፣ ልሞክር አልሁ። ታወር ኦፍ ለንደን ወደሚባለው የጥንት ምሽግ፣ ወደ ለንደን ግንብ፣ ሄጄ ወረድሁ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቼ ወደ ፌርማታው ተመለስሁ። በሰሌዳው ላይ አውቶቡስ በየ20 ደቂቃው እንደሚመጣ ተጽፏል። የመጀመሪያው የመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነበር፤ ሞልቶ ስለነበር ሾፌሩ ሦስት ሰው ብቻ ወስዶ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሞልቶ አለፈ። ሃምሳ ደቂቃ ከቆምሁ በኋላ፣ ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሕፃናት የያዙ ባልና ሚስት ተስፋ ቆርጠው ታክሲ ሲጠሩ፣ እኔም ጥቂት ሜትር ርቆ ካለው የተራው አውቶቡስ ፌርማታ 15 ቁጥርን ተሳፍሬ ሄድሁ። ቅሬታዬን ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርቤ ትራፊኩ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል መልስ አገኘሁ፤ መልሱ ሐሰት ነው አልልም።

ነገሩን በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የአንድ ድርጅት ስንፍና ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩ የሚመነጭ ሆኖ አገኘሁት። የጉብኝት አውቶቡስ የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ሁለት ፌርማታ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ከተማዋን በሙሉ መዞር አለበት። የሚያልፈውም ሁሉም ጎብኚ በሚፈልገው፣ ስለዚህም ከሁሉ በላይ በሚጨናነቀው መንገድ ላይ ነው። በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የዘበኞች ቅያሪ ሥነ ሥርዓት በአብዛኛው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ በአገሩ አቆጣጠር በ11 ሰዓት፣ በእኛ በረፋዱ 5 ሰዓት፣ ይካሄዳል፤ በዚያን ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያሉ መንገዶች ይዘጋሉ። ቅዳሜ ደግሞ በፓርላማው አደባባይና በኋይትሆል ሰላማዊ ሰልፍ አይጠፋም። በእነዚህ ሰዓቶች መስመሩ ይጣመማል፣ ፌርማታዎች ይዘለላሉ፣ ከዚህ በፊት የሄደውና ከኋላው የሚመጣው አውቶቡስ ተከታትለው በአንድ ላይ ይደርሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ረጅም ባዶ ጊዜ ይመጣል። ጠዋት አንድ ጊዜ ለሚዞር ሰው ይህ ሁሉ አይሰማውም፤ በየፌርማታው ለሚወርድ ሰው ግን መዘግየቱ በወረደበት ቁጥር ይደመርበታል። አራት ቦታ ወርዶ በእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት የጠበቀ ሰው ከቀኑ ሁለት ሰዓት የሚሆነውን ለፌርማታ ምሰሶ ሰጥቷል።

ስለ ሰዓቱም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። 24 ሰዓት የሚለው ቃል ሌሊቱንም ይጨምራል፤ አውቶቡሱ ግን ሌሊት አይሠራም። የእኛ መስመር የመጨረሻው ጉዞ የተነሣው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር፤ ስለዚህ ከተማዋ መብራቷን ስታበራ ትኬቱ በኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ከመጀመሪያው መሳፈር ከሆነ ዘዴ አለ፤ ረፋድ ላይ የተሳፈረ ሰው በማግሥቱ ጠዋት ተነሥቶ በሌላ መስመር አንድ ዙር መጨመር ይችላል። የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህ በትኬቱ ጀርባ በትንሽ ፊደል የሚጻፍ ነገር ስለሆነ ከመክፈል በፊት ይጠየቅ።

አሁን ወደ 15 ቁጥር ልመለስ፤ ለጉብኝት አውቶቡሱ ትክክለኛ ተወዳዳሪው ሌላ ጎብኚ ጫኝ ድርጅት ሳይሆን ይህ ቀይ የከተማ አውቶቡስ ነውና። 15 ቁጥር በለንደን ግንብ አጠገብ አልፎ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ደጅ፣ በፍሊት ስትሪትና በኦልድዊች በኩል ወደ ትራፋልጋር አደባባይ ይደርሳል። 24 ቁጥር ከሰሜን ከሃምፕስቴድ ተነሥቶ ካምደንን፣ ትራፋልጋርን፣ ኋይትሆልንና ፓርላማውን እያሳየ ወደ ፒምሊኮ ይወርዳል። 9 ቁጥር በሮያል አልበርት አዳራሽና በሃይድ ፓርክ ጥግ አድርጎ በፒካዲሊ በኩል ይመጣል። ሦስቱም ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው፤ በላይኛው ፎቅ የፊተኛው ወንበር የተገኘ እንደሆነ፣ ሰፊው መስታወት ከጉብኝት አውቶቡሱ የሚያንሰው ነፋሱን ብቻ ነው። በቆዩ የጉዞ መመሪያዎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚወደሰው 11 ቁጥር እንደሆነ አንባቢ ልብ ሳይል አይቀርም፤ መስመሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀይሯል፣ ዛሬ በቅዱስ ጳውሎስ በኩል አያልፍም፤ የቀድሞውን መንገዱን ከፍሎ የያዘው 26 ቁጥር ነው። በአሮጌ መመሪያ 11 ቁጥርን የሚጠብቅ እንግዳ ብዙ ሳይቆም አይቀርም።

የክፍያው ልዩነት ትልቅ ነው። እኛ በተጓዝንበት ጊዜ የተራው አውቶቡስ አንድ ጉዞ 1.75 ፓውንድ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለጉትን ያህል አውቶቡስ ቢቀያይሩ ተጨማሪ አይከፈልም፣ ቀኑን ሙሉ ቢሳፈሩም በአውቶቡስ ብቻ የሚቆረጠው ከ5.25 ፓውንድ አያልፍም ነበር። የጉብኝት አውቶቡሱ ትኬት ለአንድ ሰው የዚህን የቀን ጣሪያ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ጥሬ ገንዘብ በከተማው አውቶቡስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አይሠራም፤ የሚሠራው ወደ ማንበቢያው የሚጠጋ የባንክ ካርድ፣ ካርዱ የተጫነበት ስልክ ወይም ኦይስተር የሚባለው የጉዞ ካርድ ነው። እዚህ ላይ እንግዶች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱባቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ለእያንዳንዱ አዋቂ የየራሱ ካርድ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይሳፈርም። ጠዋት በስልክ፣ ከሰዓት በኋላ በካርድ የከፈለ ሰው፣ ሁለቱም ከአንድ የባንክ ሒሳብ ቢወጡ እንኳ፣ እንደ ሁለት መንገደኛ ስለሚቆጠር የቀን ጣሪያው አይሠራለትም። በአውቶቡስ ላይ የሚነካው ሲገቡ ብቻ ነው፤ በምድር ውስጥ ባቡር ግን ሲገቡም ሲወጡም ነው፣ ሲወጡ የረሳ ሰው ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጥበታል። ከ11 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በከተማው አውቶቡስ በነጻ ይሳፈራሉ፤ ይህ ብቻውን ልጆች ላሉት ቤተሰብ ሒሳቡን ይለውጠዋል።

ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ካነሣሁ አይቀር፣ ካርታውን እንደ ካርታ አለማመን ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመው የሃሪ ቤክ ንድፍ መሠረት ሆኖት እስከ ዛሬ የዘለቀው ይህ ሥዕል የሚያሳየው መስመሮች የሚገናኙበትን እንጂ ርቀትን አይደለም። በመካከለኛው ለንደን ኮቨንት ጋርደንና ሌስተር ስኩዌር የተባሉት ሁለት ጣቢያዎች የሚራራቁት 260 ሜትር ያህል ነው፤ ደረጃ ወርዶ፣ ባቡር ጠብቆ፣ ደረጃ ወጥቶ የሚደርስ እንግዳ፣ ከመነሻው ጣቢያ በእግሩ ከተነሣው ሰው ኋላ ይደርሳል። የጠዋቱ ዙር ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ቦታዎቹን በዐይኑ ያገናኘ ሰው የባቡሩ ሥዕል አያታልለውም። በእግር ሲሄዱ ደግሞ መኪናው የሚመጣው ከለመዱት አቅጣጫ እንዳልሆነ አይዘንጋ፤ በማቋረጫዎች ላይ «ወደ ቀኝ ተመልከት» ተብሎ አስፋልቱ ላይ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም።

የጉብኝት አውቶቡስ ትኬት ብቻውን አይሸጥም፤ ሻጩ የለንደን ዐይን የሚባለውን ግዙፍ መንኰራኵር፣ የሰም ምስል ቤቱንና ሌላውንም በአንድ ጥቅል ያቀርባል። እኔ ጥቅሉን አልገዛሁም፣ አልጸጸትምም። መንኰራኵሩ 135 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አንዱን ዙር በ30 ደቂቃ የሚጨርስ ነው፤ ተሳፋሪውም ወረፋውን አብሮ ይገዛል። በፋይናንስ ሰፈሩ በ22 ቢሾፕስጌት ሕንፃ 58ኛ ፎቅ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ሆራይዘን 22 የተባለው ሰገነት ግን 254 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚጠይቀው አስቀድሞ በድረ ገጽ ቦታ መያዝን ብቻ ነው። ከዚያ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ሰው ታወር ብሪጅ መጫወቻ ይመስለዋል። ታላላቆቹ ሙዚየሞችም ለቋሚ ስብስባቸው መግቢያ አያስከፍሉም፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ዓርብ ዓርብ እስከ ምሽት ስለሚቆይ፣ በቀን ብርሃን ውጭውን ጎብኝቶ ሲመሽ መግባት ይቻላል። ሮዜታ ድንጋይን ለማየት የሚጋፋው ሰው በዚያ ሰዓት ይቀንሳል። በዚሁ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት ይገኛሉ፤ ለእይታ አይቀርቡም፣ ፈልጎ የሚሄድ አንባቢም አያገኛቸውም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰዱት የወርቅ ዘውድ ደግሞ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። እኔ በአውቶቡሱ ማብራሪያ ስለ ሁለቱም አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ይነገራል ብዬም አልጠበቅሁም።

ገንዘብ የሚከፈልባቸው ቦታዎች ላይ ግን መቆጠብ አልመክርም፤ የምመክረው ሰዓት መምረጥን ነው። የለንደን ግንብ በር ሲከፈት ደርሶ በቀጥታ ወደ ዘውዶቹ ማሳያ የሄደ ሰው ሳይጋፋ ያያል፤ እኩለ ቀን ላይ የደረሰው ግን ወረፋውን ይቆጥራል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ልብስ የሚለብሱት የግንቡ ጠባቂዎች የሚያካሂዱት ጉብኝት በመግቢያው ዋጋ ውስጥ ስለሚካተት፣ ተጨማሪ አስጎብኚ መቅጠር አያስፈልግም፤ ቀልዳቸውም ከተቀዳው ድምፅ ሁሉ የሚበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1066 ጀምሮ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ የሚደፉበት ዌስትሚንስተር አቤይና የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል እሑድ ለአምልኮ እንጂ ለጉብኝት ክፍት አይደሉም፤ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ቅዳሜና እሑድን ሲያቅድ ይህን ካላወቀ ከደጅ ይመለሳል። በሌላ በኩል በሁለቱም ቦታ የማታው የመዝሙር ጸሎት ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፤ ለመጸለይ እንጂ ፎቶግራፍ ለማንሣት አለመግባት ብቻ ነው የሚጠበቀው። በካቴድራሉ ጉልላት አናት ላይ ለመድረስ 528 ደረጃ ይወጣል፤ እኔ ወጥቼዋለሁ፤ በመጨረሻው ጠባብ መሰላል ላይ አክስቴን ይዤ ባለመምጣቴ አመስግኛለሁ።

በትኬታችን ውስጥ የወንዝ ጉዞም ተካቶ ነበር፤ ይህ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። ከዌስትሚንስተር ወደ ግሪኒች በጀልባ ሲወርዱ ከተማዋ ፊቷን የምታዞረው ወደ ወንዙ እንደሆነ ይገባል፤ ታወር ብሪጅ ከሥር ሲያልፉት ከላይ ካዩት ጋር ይደመራል። ግሪኒች ላይ ኩቲ ሳርክ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1869 የተሠራ የሸራ መርከብ፣ ከኮረብታው ላይ ደግሞ ዓለም ኬንትሮስን የሚቆጥርበት ዜሮ መስመር ያለበት የሥነ ፈለክ ማዕከል አለ። የጀልባው ጉዞ በትኬቱ ካልተካተተ በቴምስ ክሊፐርስ የመንገደኞች ጀልባ መሄድ ይቻላል፤ እርሱም የባንክ ካርድንና ኦይስተርን ይቀበላል፣ ማብራሪያ ግን የለውም። በእኔ ግምት በጉብኝት አውቶቡስ ጥቅል ውስጥ ከሚጨመሩት ነገሮች ዋጋውን የሚመልሰው ጀልባው ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ትኬት ማን ይግዛ? ብዙ መራመድ የማይችል ሰው፣ አንድ ቀን ብቻ ያለው መንገደኛ፣ እንዲሁም ከመውረዱ በፊት ከተማዋን በአንድ ትንፋሽ ማየት የሚፈልግ ሰው ይግዛ። ሲገዛም በመንገድ ላይ ከሚቆም ሻጭ ይልቅ አስቀድሞ በድረ ገጽ ዋጋ ያመዛዝን፤ ከ24 ሰዓት የሚበልጠውን ትኬት ይተው። ጠዋት ከሚነሡት አውቶቡሶች በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ይሳፈር፤ በበጋም ቢሆን ጃኬት ይያዝ፣ አውቶቡሱ ድልድይ ላይ ሲወጣ ነፋሱ ሌላ ነው። ጤነኛ ጉልበትና ሦስት ቀን ያለው ወጣት ግን 15፣ 24 እና 9 ቁጥሮችን ተሳፍሮ የቀረውን ገንዘብ ለግንቡ መግቢያ ቢያውለው ይሻለዋል።

አክስቴ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ በማግሥቱ ጠዋት ትኬቱ ጊዜው ሳያልፍበት ሌላ አንድ ዙር ብቻቸውን ዞሩ፤ እኔ ከአቤይ ስወጣ በቀጠሯችን ፌርማታ አልፈው ከላይ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። በመጨረሻው ምሽት ዝናብ ጀመረ። ከግንቡ አጠገብ 15 ቁጥርን አቁመን፣ ቀስ ብለን ደረጃውን ወጥተን፣ የፊተኛውን ወንበር ያዝን። የካቴድራሉ ጉልላት በመብራት ነጥቶ በዝናቡ መስታወት ውስጥ ቀስ እያለ ቀረበ። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቂት ዝም አሉና «ይኼኛውስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ሌላ ፌርማታ እስኪያልፍ ካሰቡ በኋላ፣

«ታዲያ ጣሪያ የሌለው ነው አብልጦ የሚያስከፍለው?» አሉ።